ልጄ ትግል ጀመረ፤ ላስወጣው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሰፈራችን ውስጥ በተከፈተ አዳራሽ ነፃ ትግል መለማመድ ከጀመረ ሦስት ወር ሆነው። በሄደ ቁጥር አንገቱና ክንዱ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ተቧጭሮ ይመለሳል። ሰሞኑን ደግሞ አንገቱ ላይ ክብ ቀይ ነገር ወጥቶበታል። ባለፈው ቅዳሜ ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር አጋጥመዋቸው ደቂቃ ሳይሞላ ተሸነፈ፤ ቤት እስክንደርስ አለቀሰ። አባቱ ገጠር እየታገለ ያደገ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎታል፤ ዳር ቆሞ «ጣለው!» እያለ ይጮህበታል። እናቴ በበኩሏ «ልጁን ዱርዬ ልታደርጉት ነው» ትለኛለች። ጾም ሊገባ ነው፤ እሱም ካልጾምኩ ይላል። ለሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ አሰልጣኙ ከ31 ኪሎ ወደ 29 እንዲወርድ ነግሮታል። የሰባት ዓመት እህቱም ልግባ እያለች ነው። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦

አያስወጡት። ግን የሚቀጥለው ሳምንት ግጥሚያ ላይ በ29 ኪሎ እንዲገባ አይፍቀዱ።

ሁሉንም በየተራ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በአንድ መስመር ካለፉት ልነሳ። ስለ ቀላው አንገት፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ አባቱ ጩኸት ሰፋ አድርገው ጽፈዋል። ስለ ሁለቱ ኪሎ ግን እንደ ተራ ነገር ጠቅሰውት አልፈዋል። ከጠቀሷቸው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ትግል፣ ጁዶና ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች ሲጎዱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ቡጭሪያ ይዞ ለሚመጣ ልጅ አልጨነቅም። ኪሎ ቀንስ ተብሎ ሁለት ቀን ውሃ ሳይጠጣ ለሚመጣው ግን እጨነቃለሁ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ከ31 ኪሎ ላይ 2 ኪሎ ማንሳት ከመላ ሰውነቱ ከስድስት በመቶ በላይ መቀነስ ነው። ባለቤትዎ 70 ኪሎ ቢሆኑ፣ በሳምንት ውስጥ አራት ኪሎ ተኩል ይጣሉ እንደማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ታጋዮች የሚተዳደሩበት ደንብ በሳምንት ከሰውነት ክብደት ከ1.5 በመቶ በላይ መቀነስን ይከለክላል። ይህ በልጅዎ ኪሎ ሲሰላ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያም የወጣው ለጎረምሶች ነው። በልጅዎ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ በዓመት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይጨምራል። አሰልጣኙ የጠየቀው እንግዲህ ልጁ በአንድ ዓመት ያደገውን በአንድ ሳምንት እንዲመልስ ነው።

በሳምንት ውስጥ ደግሞ ያን ያህል ስብ አይቀልጥም፤ በአብዛኛው የሚወርደው ውሃ ነው። ልጁ መጠጣቱን ይተዋል፣ ራቱን ይተዋል፣ ከቱታው ሥር ላስቲክ ለብሶ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች ልክ በዚህ መንገድ ኪሎ ለመጣል ሲሞክሩ ሞተዋል፤ ላስቲክ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ውሃ ሳይጠጡ። ሦስቱም ጠንካራ ወጣቶች ነበሩ። የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ላስቲክ ልብሱንና የሞቀውን ክፍል የከለከለው ከዚያ በኋላ ነው።

አሰልጣኙ ክፉ ሰው ነው አልልም። ምናልባት እሱም ልጅ ሆኖ እንደዚያ ተነግሮት ያደገ ነው፤ በቦክሱም በትግሉም ሰፈር ይህ እንደ ጀግንነት ሲቆጠር ኖሯል። ስለዚህ ጠብ አያንሱ። በልምምድ ቀን ቀደም ብለው ሄደው፣ ልጁ በሌለበት፣ «በሚመዝነው ኪሎ ይጋጠም፤ ተጋጣሚ ከጠፋለት አይጋጠም፣ ልምምዱን ግን ይቀጥል» ይበሉት። ብዙዎቹ «እሺ» ይላሉ። «ቡድኑን ሊጎዳ ነው» ብሎ ከተከራከረዎት አዳራሹ ለልጅ የተዘጋጀ አይደለም፤ ያኔ ቢያስወጡት አልቃወምም። ለነገሩ የሚያስቸኩል ነገርም የለም። ከዓለም አቀፍ የትግል ውድድሮች ትንሹ የዕድሜ ምድብ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ እንኳ የሚገባው የሐኪም ማረጋገጫና የወላጅ ፈቃድ ይዞ ነው። ልጅዎ ገና ዘጠኝ ነው።

ጾሙም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ይጹም አይጹም፣ እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው የእርስዎና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሰዓት ብቻ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ምሳውን የበላ ልጅ አሥር ሰዓት ላይ ቢታገል ምንም አይሆንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ወደ አዳራሽ የሚሮጥ ግን ወይ ያዞረዋል ወይ ያስመልሰዋል። እንደዚያ ባለ ቀን ልምምዱን ይቅር፣ ወይም አያያዝና አቋቋም ብቻ ይለማመድ፤ ትንቅንቅ ውስጥ አይግባ። ረመዳን ለሚጾሙ የጎረቤት ልጆችም ምክሬ ያው ነው፤ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ልጅ ሙሉ ልምምድ አይሥራ።

«የጾም ምግብ ለስፖርተኛ አይሆንም» የሚሉዎትን አይስሙ። እንጀራና ሽሮ፣ እንጀራና ምስር አንድ ላይ ሲበሉ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል። በጾም የልጅ ችግር ዓይነቱ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጠግብና ቶሎ ይርበዋል። ስለዚህ በመሃል የሚቀመስ ያስፈልገዋል፤ ኦቾሎኒ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች። ወጡ ላይ ዘይት አይሰስቱበት። ከልምምዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ነገር ይቅመስ፣ ውሃውን ይዞ ይሂድ። በጣሳ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት ግን ይተዉት፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ዋጋውም የወር አስቤዛ ነው።

አሁን ወደ አንገቱ። የቀላው ቆዳና ቡጭሪያው የልምምዱ ምልክት ነው፤ ታጋዮች አንገትና ክንድ ስለሚያያዙ መቅላቱ አይቀርም፣ በማግስቱም ይጠፋል። ቡጭሪያውን ለመቀነስ የሁሉም ልጆች ጥፍር መቆረጥ አለበት፤ ጥሩ አሰልጣኝ ከልምምድ በፊት አሰልፎ ጥፍር ያያል። ክቡ ቀይ ነገር ግን ሌላ ነው። ሳላየው ምን እንደሆነ መወሰን አልችልም፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ቅርፊት ካለው፣ መሃሉ እየጠራ ከሄደና ከሚያሳክከው ጭርት ሳይሆን አይቀርም። ጭርት ቆዳ ለቆዳ ከሚነካካ ሰው ሁሉ ጋር ይዞራል፣ ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ የትግል አዳራሽ ሁሉ ያውቀዋል። አያሳፍርም፣ ይድናል፤ ዝም ከተባለ ግን ቡድኑን ያዳርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልብ ይበሉ። «ለቆዳ» ተብሎ ከፋርማሲ የሚሸጥ ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም። ስቴሮይድ ያለበትን ከቀቡት ማሳከኩና መቅላቱ ለጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከወር በኋላ የሚያየው ሐኪም እንኳ ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። ጤና ጣቢያ ያሳዩት፣ የፈንገስ ቅባት ይዘዙለት። የቆዳ ጭርት ያለበት ታጋይ ቢያንስ 72 ሰዓት ሳያቋርጥ ከተቀባ በኋላ ነው ወደ ማት (የትግሉ ምንጣፍ) የሚመለሰው፤ ቅባቱ ደግሞ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሐኪሙ እስካለው ቀን ይቀጥላል። ራስ ቅል ላይ ከወጣ፣ ማለትም ቆረቆር ከሆነ፣ ቅባት አይበቃውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ወደ ልምምድ የሚመለሰውም ሁለት ሳምንት ከዋጠ በኋላ ነው። የፀጉር ቤቱን መላጫም ይጠርጥሩ። አልለቅ ካለ ወይም ሐኪሙ ከተጠራጠረ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ።

ከጭርት ይልቅ እኔ የምፈራው ምች ነው። ከንፈር ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ሲወጡ እኛ ፀሐይ ነው እንላለን፣ ዳማከሴ እናሻለን። መንስኤው ቫይረስ ነው፤ ታጋዮች ጉንጭ ለጉንጭ ስለሚገጥሙ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ፊትና አንገት ይተላለፋል። አንዴ ከገባ ከሰውነት አይወጣም፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ እይታን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ልጅ ዳማከሴው ይቀባ አይቀባ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ አዲስ መውጣቱ እስኪቆም ግን ማት ላይ አይውጣ። ማር የመሰለ ቅርፊት ያለው ቁስልና እከክም እንደዚሁ መጀመሪያ ይታከማሉ።

ለመከላከያው ዋናው ሳሙና ነው። የእኛ ሰፈሮች ችግር ውሃው በፈረቃ መምጣቱ ነው፤ ቢሆንም የልምምድ ቀን ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ለእሱ ይቀመጥለት። ራት ከመብላቱ በፊት አንገቱን፣ ፊቱን፣ ክንዱንና እግሩን በሳሙና ይታጠብ፤ ነገ ጠዋት ይታጠባል ብለው አያሳድሩት። የለበሰው ልብስ በፌስታል ታስሮ ቦርሳ ውስጥ አይደር። ሁለት ቅያሪ ቢኖረው አንዱ ሲታጠብ አንዱን ይለብሳል፤ ከሰልባጅ የተገዛ ቲሸርትና ቁምጣ ይበቃል፣ ኪስና ዚፕ የሌለው ይሁን። የትግል ጫማ ካልተገኘ ልሙጥ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይበቃዋል፤ ግን ለአዳራሽ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ጭቃ ረግጦ አይምጣ። ፎጣ አይዋዋሱ።

አንገት ካነሳን ማተቡን ልጨምር። ብዙ ወላጆች ማተቡን ማስወለቅ ይከብዳቸዋል፤ ይገባኛል። ብረት መስቀሉና ክታቡ ግን ይውለቅ፣ እሱንም ተጋጣሚውንም ይቆርጣል። ጠንካራ ክር አንገት ላይ እያለ ማታገል አደገኛ ስለሆነ፣ ለልምምድ ሰዓት ብቻ እጅ አንጓው ላይ ታስሮ በፕላስተር ቢሸፈን ሁለቱም ወገን ይስማማል።

ቀጥሎ አዳራሹን ይመርምሩ። ቅዳሜ ሁሉም ነገር ስለሚሰነዳዳ ሳይናገሩ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሂዱ፣ ጥግ ተቀምጠው አንድ ሙሉ ልምምድ ይዩ። ወላጅ እንዳይገባ የሚከለክል አዳራሽ ከሆነ መልሱን እዚያው አገኙት። መጀመሪያ ወለሉን ይዩ። የትግል ማት ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ በየሰፈሩ ያለው የቴኳንዶ ገጣጣሚ ማት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሳሳል። በሳሳ ማት ላይ ጀማሪ ልጆች መያዝ፣ መቆም፣ ተንበርክኮ መሥራት ይችላሉ፤ ከፍ አድርጎ መወርወር ግን አይቻልም። መጋጠሚያው የተከፈተ ከሆነ ጣትና ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ማቱ ከግድግዳው፣ ከምሰሶውና ከወንበሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ብዙ የቀበሌ አዳራሾች ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ይህ ነው፣ ልጆቹ ተያይዘው ሲንከባለሉ ሲሚንቶው ላይ ይጨርሳሉ።

ማቱ በምን ይጠረጋል ብለው ይጠይቁ። በየልምምዱ ቀን አንድ እጅ በረኪና በመቶ እጅ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንዲደርቅ ማድረግ በቂ ነው። ደም ከነካው አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይሠራል፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ወላጆች ተዋጥተው በረኪናና መወልወያ ቢገዙ አሰልጣኙ የሚከፋው አይመስለኝም።

ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ይመልከቱ። ኪሎ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም 31 ኪሎ ሆነው አንዱ ሦስት ወር፣ ሌላው ሦስት ዓመት ከሠራ ያ ግጥሚያ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ የገጠመው ልጅ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቀዋል? ደግሞም አሰልጣኙ መጀመሪያ ያስተማራቸው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ መስማት የምፈልገው መልስ «አወዳደቅ» የሚል ነው። አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ ጀርባን አጉብጦ መውደቅ፣ እጅን ዘርግቶ መሬት አለመደገፍ። ሕፃናትን በራስ ቅላቸው ተደግፈው የአንገት ድልድይ የሚያሠራ ካዩ ያስቁሙት፤ የአንገት ጥንካሬ በዚያ ዕድሜ በእጅ ገፋ በማድረግ ይሠራል እንጂ ሙሉ ሰውነት አይጫንበትም። አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር ተዘግቶ የሚቀርበት፣ ልጆች ራቁታቸውን የሚመዘኑበት ቦታም አይሁን።

የእጁን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚህ ዕድሜ ከማያቸው ከባድ ጉዳቶች አብዛኞቹ የሚመጡት እጅ ዘርግቶ ከመውደቅ ነው፤ የእጅ አንጓ ወይም የክርን ስብራት። ክርኑ አብጦ፣ ቅርጹ ተለውጦ፣ ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ራጅ ወዳለበት ይውሰዱት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ሰዓት አይስጡት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አቤት ሆስፒታል ደግሞ ድንገተኛና የአደጋ ሕክምና የሚሰጥ ነው። ወደ አጥንት ወጌሻ ግን አይውሰዱት። ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ ለወለምታ እጃቸው የሚፈውስ አሉ ይባላል። ነገር ግን የተሰበረ የልጅ እጅ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች የሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነው። የልጅ አጥንት ደግሞ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያድግበት ክፍል አለው፤ እሱ ተጎድቶ በትክክል ካልታከመ ክንዱ ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።

ጭንቅላቱን ከተመታ ሕጉ አንድ ነው፤ ያን ቀን አይመለስም። ራሱን ባይስትም። ግራ የተጋባ፣ የደነገዘ፣ ያው ጥያቄ የሚደጋግም፣ ብርሃን የሚያስጠላው፣ የሚያቅለሸልሸው ልጅ አንጎሉ ተናውጧል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ ከሌላው ከሰፋ ወይም ካንቀጠቀጠው በቀጥታ ሆስፒታል። ሌላው በትንሽ በትንሹ ነው፤ መጀመሪያ ትምህርቱን ያለ ራስ ምታት ይከታተል፣ ከዚያ ሩጫ፣ ትግሉ በመጨረሻ፣ በሐኪም ፈቃድ።

ጆሮው አብጦ እንደ ውሃ ፊኛ ከለሰለሰ ውስጡ ደም ቋጥሯል። ቤት ውስጥ በመርፌ አይንኩት፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ካፈሰሰውና በፋሻ ከተጫነው ቅርጹ ይመለሳል፣ ከሳምንት በላይ ከቆየ ግን ጠጥሮ እንደዚያው ይቀራል። በበጋው ደረቅ አየር ነስር ሊያስቸግረው ይችላል። ራሱን ወደ ኋላ አያስደግፉት፣ አናቱ ላይ ውሃ አያፍስሱ። ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አሥር ደቂቃ ሳይለቁ ይያዙለት።

እንግዲህ ቅዳሜው። ባለቤትዎ ያደጉበት ትግልና ልጅዎ የሚማረው አንድ አይደለም። በባህላችን ትግል፣ እረኞች በመስክ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ጠልፎ የጣለ አሸነፈ፤ የወደቀው ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል። በነፃ ትግል መጣል የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ አውርዶ መቆጣጠር ሁለት ነጥብ ነው፣ ከዚያ መሬት ላይ ይቀጥላል። ተጋጣሚን ማቱ ላይ ከተሰመረው ክብ ማስወጣት አንድ ነጥብ ነው። ግጥሚያው የሚያበቃው ሁለቱም ትከሻዎች አንድ ላይ ማቱን ሲነኩ፣ ወይም የነጥብ ልዩነቱ አሥር ሲደርስ፣ ወይም ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። ለታዳጊዎች ሁለት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ መሃሉ ሠላሳ ሰከንድ ዕረፍት።

ደቂቃ ሳይሞላ የሚሸነፍ ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሸነፈው በአንድ ምክንያት ነው። ሲወድቅ ያለቀ ይመስለውና ጀርባው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቶሎ ብሎ በሆዱ መገልበጥ ገና አልለመደም። ዳር ሆኖ «ጣለው!» የሚለው የአባቱ ድምፅም ሳያስበው ይህንኑ ያጠናክርበታል፤ ልጁ መውደቅን እንደ መጨረሻ እንዲቆጥር ያደርገዋል። አሰልጣኙን «ከወደቀ በኋላ መገልበጥን ብቻ ለሁለት ሳምንት ያሠሩልኝ» ብለው ይጠይቁት። ቀጣዩን ግጥሚያ ያሸንፋል አልልዎትም፤ ሁለቱን ዙር የመጨረስ ዕድሉ ግን ይሰፋል።

አባትየውን ዝም ይበሉ ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ሥራ ይስጧቸው። ሞባይላቸውን ይዘው ይቅረጹ። የሚቀርጽ ሰው ከጮኸ ድምፁ ቪዲዮው ውስጥ እንደሚገባ ስለሚያውቅ አፉን ይዘጋል። በግጥሚያ ላይ ልጁ መስማት ያለበት የአንድ ሰው ድምፅ፣ የአሰልጣኙን ብቻ ነው። ቪዲዮውም ልጁ ልየው ካላለ አይታይ።

ለቅሶው ደግሞ ይለቀስ። ሰው ፊት፣ በቁምጣ፣ ብቻውን ቆሞ የተሸነፈ ልጅ ነው፤ በእግር ኳስ ቢሆን ጥፋቱን ከአሥር ሰው ጋር ይካፈለው ነበር። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ይተዉ፤ «ዳኛው ነው» የሚለውንም እንደዚሁ። ስትመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ትግሉ እሱ ካላነሳ አያንሱበት፤ ራበህ ወይ ብቻ ይበሉት። ከሁለት ቀን በኋላ «ልምምድ እሄዳለሁ» ካለ ደህና ነው። በልምምድ ቀን ጠዋት ሆዱን የሚቆርጠው፣ ሰበብ የሚያበዛ ከሆነ ግን አንድ ወር ያሳርፉት፤ መቅረት ከፈለገም ይቅር።

እናትዎ ስለሚሉት፣ በዚህ ስፖርት መምታት፣ መንከስ፣ ፀጉር መጎተት፣ ጣት መጠምዘዝና ማነቅ የተከለከለ ነው፤ ያደረገ ለተጋጣሚው ነጥብ ያሰጣል ወይም ይባረራል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ይዘዋቸው ይሂዱ። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ እጅ ሲጨባበጡ ቢያዩ የእኔን ያህል ማስረዳት አያስፈልግዎትም። ሰፈር ውስጥ ትግሉን በሌላ ልጅ ላይ ከሞከረ ግን አንድ ሳምንት ከልምምድ ይቅር፤ አሰልጣኙም ይህን ይደግፋል።

እህቱ ትግባ። ሰባት ዓመት ለጨዋታ መልክ ላለው ልምምድ ይበቃል፤ መንከባለል፣ መገፋፋት፣ ሚዛን መጠበቅ። ግጥሚያ ግን ለእሷ ገና ነው። የሴቶች ትግል እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፣ ስለዚህ «ለሴት አይሆንም» የሚል ካለ ጊዜው አልፎበታል። እስከ ጉርምስና ድረስ ከወንዶች ጋር መለማመዷ ችግር የለውም፤ የምትለብስበት ቦታ ግን ለብቻ ይሁን፣ ሌላ አንዲት ሴት ልጅም አብራት ብትኖር ይመረጣል። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ትሂድ፣ ዶቃና ብረት ማስያዣ የሌለበት። ጉትቻዋን ቤት አስቀምጣ ትሂድ።